ጋሽ አለስልስ ያጠፋው ጠባሳ

ወንድሜን መንገዱ ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ አለስልስ በሚለው ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ፎቶ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲያበቃ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እቺን ነገር እስቲ አለስልስልኝ» ይላል። አንዱ ብጉሩን፣ አንዷ የዓይኗን ሥር ጥቁረት፣ ሌላው ግንባሩ ላይ የተጋደሙትን መስመሮች። ቃሉ ሲደጋገም ስሙ ሆኖ ቀረ። እሱም አይከፋውም። «ጋሽ አሻክር ከመባል ይሻላል» ይላል።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ጋሼ እለዋለሁ። እናታችን ስትሞት ሁለታችንም ገና ልጆች ነበርን። እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ቤት ያዝኩ፤ እሱ አንድ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጠረ። ለእኔ ምድጃ፣ ለእሱ ጨለማ ክፍል ደረሰን። ኋላ የራሱን ፎቶ ቤት ሲከፍት፣ ባሌ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀርቶ ነበርና፣ ልጄን አዝዬ ወደ እሱ መጣሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራዬ የታተመውን ፎቶ መቁረጥ፣ ፍሬም ውስጥ ማስገባትና መስታወት መወልወል ነው። ኮምፒውተሩን አልነካም። ስለ እሱ የማውቀው ሁሉ ጋሼ ሲሠራ ከጀርባው ቆሜ ያየሁትንና ለራሱ ሲያጉተመትም የሰማሁትን ነው።

ጋሼ ፊት ማለስለስ የተማረው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው። ያኔ ኤርብራሽ የሚባለው ነገር እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ ብረት ነበር። ከላዩ ትንሽ የቀለም ጽዋ አለችው፤ ጭራው በላስቲክ ቱቦ ከአየር መጭመቂያ ሞተር ጋር ይያያዛል። ጣት ወደ ታች ሲጫነው አየር ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲስበው ቀለሙ እንደ ጉም ይከተላል። ጋሼ የታተመውን ፎቶ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የሰዎችን ፊት በዚያ ጉም ያለብስ ነበር። ሕጉ አጭር ነው፤ ሲጀመር አየር ይቀድማል፣ ቀለም ይከተላል፤ ሲያበቃ ቀለም ይቆማል፣ አየር ኋላ ይቀራል። ይህን ያልጠበቀ ሰው ብረቱ ፎቶው ላይ ይተፋበታል። ጋሼ ይህን ሲያስተምር እንደ ጸሎት እያዜመ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሞተሩን ጎማ ለሚጠግን ሰው ሸጠው። እስከ ዛሬ በጎማ ቤቱ ደጃፍ ስናልፍ ሞተሩን በድምፁ ይለየዋል። ቆም ይልና «የኔ ናት፣ አርጅታለች» ይለኛል። ከዚያ መንገዳችንን እንቀጥላለን።

የጋሼን ሥራ ከሌሎቹ ፎቶ ቤቶች የሚለየው አንድ ነገር ነበር። ሌሎቹ መስኮታቸው ላይ ሁለት ሁለት ፎቶ ይሰቅላሉ፤ አንዱ ከመለስለሱ በፊት፣ አንዱ ከለሰለሰ በኋላ። ገበያ ይስባል። ጋሼም ድሮ ይሰቅል ነበር። አንድ ጊዜ ግን አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው የአንዲት ሙሽራን የበፊቱን ፎቶ ሳያስፈቅድ መስኮት ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ሳቀባት። ሴትዮዋ መጥታ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ፎቶ መነሻው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሼ ሰውየውን አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ የማንንም የበፊት ፊት አያስቀምጥም። ፊቱን አለስልሶ ሲጨርስ አዲሱን በአሮጌው ላይ ያስቀምጣል፤ የካሜራውን ካርድ ያጠፋል፤ የኮምፒውተሩንም ቆሻሻ መጣያ ባዶ ያደርጋል። «ከደጄ የወጣ ሰው በፊት የሚባል ነገር የለውም» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ለዚህ ያከብረዋል፣ ያምነዋልም። እኔም ትልቅ ቁም ነገር አድርጌ አየው ነበር።

ልጄ ገና ድክ ድክ ስትል የቆርቆሮ ሣጥን ጥግ ላይ ወደቀች። ጉንጯ ተቀደደ። ቁስሉ ሲድን ከግራ ዓይኗ በታች የገብስ ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ ጠባሳ ጥሎባት ሄደ። ይጠፋል ስላሉኝ ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን በአውራ ጣቴ አሸው ነበር። ጭኔ ላይ አስተኝቻት፣ ከአፍንጫዋ ጥግ ጀምሬ ጣቴን ሳንሸራትት፣ ጠባሳው ጋ ሲደርስ ጣቴ ራሱ ቆም ይላል። እዚያ ላይ ክብ ክብ እያደረግኩ አሻለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጠፋ እማ?» ትለኛለች። «ሊጠፋ ነው» እላታለሁ። ፊደል ቆጥራ ትምህርት ቤት ስትገባ አንድ ቀን እጄን ያዘችና፣ «ተይው እማ፣ አይጠፋም። እኔ ራሴ እቀባለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፊቷን እንደዚያ ነክቼው አላውቅም። ልጅ አንዴ ራሴ ካለ ራሱ ነው።

ስታድግ ፎቶ አትወድም ነበር። የፎቶ ቤት ልጅ ሆና ካሜራ ሲያያት ትሸሻለች። ፀጉሯን በግራ በኩል ትለቀዋለች። ጋሼ ሲያሾፍባት፣ «የዳቦ ጋጋሪ ልጅ በረሃብ ሞተች» ይላታል። እሷም አትተኛለትም፤ «ጋሼ፣ አንተ መጀመሪያ መላጣህን አለስልስ» ትለዋለች። ከዚያ ሁለቱ ሲተራረቡ እኔ ወረቀቴን እቆርጣለሁ። ደስ የሚሉኝ ቀኖች እነዚያ ነበሩ።

ትምህርቷን ጨርሳ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ደረቷ ላይ ለምታንጠለጥለው መታወቂያ ፎቶ አምጪ ተባለች፤ ፀጉር ወደ ኋላ ታስሮ ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት መሆን አለበት አሏት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሯን ሰብስባ ካሜራ ፊት ተቀመጠች። ጋሼ አነሣት። ፊቷ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ጠባሳው ወለል ብሎ ታየ። እሷ ጎኑ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትከሻውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ጋሼ፣ አጥፋልኝ።»

«እናትሽስ?» አላት፣ ወደ እኔ በአገጩ እያሳየ።

«እማን ምን አገባት። ፊቱ የኔ ነው።»

ሦስታችንም ሳቅን። ጋሼ አጠፋላት። ለደንበኛ ከሚሠራው የበለጠ ጊዜ ሰጠው። ጠባሳው በጉም እየተሸፈነ ሲሄድ እሷ አፏን ከፍታ ታይ ነበር። ሲያበቃ ትከሻውን ሳመችውና፣ «እንዲህ ሆኜ ተወልጄ ቢሆን ኖሮ» አለች። ጋሼም እንደ ልማዱ አዲሱን በአሮጌው ላይ አስቀመጠ፤ ካርዱን አጠፋ፤ ቆሻሻ መጣያውን ባዶ አደረገ። ለሚወዳት ልጅ ከሁሉ የተለየ ነገር ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እሱ ግን ሰው የሚያከብርበትን ነገር ነው ያደረገላት።

ሥራ ከጀመረች ዓመት ሳይሞላት ታመመች። ትኩሳት ነው አሉ፤ ከትኩሳቱ በኋላ ሌላ ስም ሰጡት፤ እኔ ስሙን አልያዝኩትም። ሐኪም ቤት ስትተኛ ፀጉሯን ነርሶቹ ወደ ኋላ አስረውት ነበር፤ ጠባሳዋም ይታይ ነበር፤ እሷም አልሸፈነችውም። በመጨረሻ ፊቷ ቀለሙን አስቀድሞ ተወ። ትንፋሿ ትንሽ ቆይቶ ተከተለ። ጋሼ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። ያን እያዜመ የሚያስተምረውን ሕግ ሁለታችንም ያሰብነው ይመስለኛል፤ ተያየንና ዓይናችንን ሰበርን።

ያን የመታወቂያ ፎቶ ጋሼ አጉልቶ አተመው፤ ፍሬም ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሊያጽናናን የመጣ ሰው ሁሉ ፎቶውን እያየ «እንዴት ያለች ቆንጆ» አለ። ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ቆንጆ ናት። የማን ልጅ ናት? አልኩ። ዓይኗ የሷ ነው፤ አፏ የሷ ነው፤ ግን መንገድ ላይ አግኝተው እህቷ ነሽ ወይ እንደሚሏት ዓይነት ሆነችብኝ። ልጄ እዚያ መስታወት ውስጥ አልነበረችም።

ሌላ ፎቶ ፈለግን። ጠባሳ ሳይኖርባት የተነሣችው አንድ የሕፃንነት ፎቶ አለ። አንድ ደግሞ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የተነሣችው አለ፤ እዚያ ላይ ፊቷ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ያንንም በእጇ ሸፍናዋለች። የስልኳን መክፈቻ ቁጥር የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ስልክ ጠጋኙ «ከፈትኩት» ብሎ ሲያመጣው፣ እንደ አዲስ ዕቃ ውስጡ ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ደግ ሰው ነው፤ ምን ልበለው።

ስለዚህ ጋሼን ለመንኩት። ጠባሳዋን መልስልኝ አልኩት። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጀርባውን እንደሰጠኝ የለሰለሰውን ፎቶዋን ከፈተ።

«እሷ አጥፋልኝ አለችኝ» አለ። «አንቺ መልስልኝ ትያለሽ። የማንን ልስማ?»

«እሷ አሁን ምንም አትልህም፣ ጋሼ።»

«የምፈራውም ለዚህ እኮ ነው።»

እኔ ወረቀቴን መቁረጥ ቀጠልኩ። ሲመሽ ቤት ስንዘጋ ግን ቁልፉን እያዞረ፣ «እሞክራለሁ፤ ካልሆነም እንዳትቀየሚኝ» አለኝ።

ያኔ ነው ጋሼ የየፕሮግራሙን ኤርብራሽ መፈተን የጀመረው። እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኤርብራሽ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እሱ ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው።

የመጀመሪያውን «ቆርቆሮው» አለው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣው ተራ መሳያ ነው። ምልክቱ የሚረጭ ቀለም ቆርቆሮ ነው። ሲጫኑት ነጠብጣብ ይበትናል፤ እጅ እስካልተነሣ ድረስ መበተኑን አይተውም። ነጠብጣቡ ግን ጉም አይደለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው የደረቀ ነው። ጋሼ አጉልቶ ሲያሳየኝ የልጄ ጉንጭ ላይ አሸዋ የተረጨ መሰለ። «ይኼ ግድግዳ ላይ ስድብ ለመጻፍ ነው የተሠራው» ብሎ ዘጋው። ከሞተች ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛው በነፃ የሚገኘው ነው፤ «ምጽዋቱ» አለው። እሱ ላይ ኤርብራሽ የራሱ ቦታ አለው፤ የሚረጭበትን ፍጥነትና የሚፈሰውን መጠን ለየብቻ ይወስኑለታል። እጅን አንድ ቦታ ሲያቆሙት ቀለሙ እየተጠራቀመ ይጠቁራል፤ ልክ እንደዚያ እንደ ድሮው ብረት። ጋሼ ይህን ሲያይ ጀርባው ቀና አለ። «እቺ ታውቀኛለች» አለ። ኮምፒውተራችን ግን አርጅቷል፤ ቀለሙ ከእጁ ኋላ ኋላ ይጎተት ነበር። እሱ እጁን አንሥቶ ሲያበቃ ቀለሙ ገና ይወርዳል። ጠሪው ከሄደ በኋላ አቤት እንደሚል ሰው ነው አለኝ። ከጠባሳው ቦታ አልፎ ዙሪያውን አጠቆረው፤ ልጄ የተመታች መሰለች። ማንም እጁን አንሥቶባት የማያውቅ ልጅ። መቀሱን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ዘግቶታል።

ሦስተኛው የዘወትር መሥሪያው ነው፤ «አለቃው» ይለዋል። ያ ትልቁ፣ ፎቶ ቤት ሁሉ የሚሠራበት። እሱ ላይ ኤርብራሽ ለብቻው የለም፤ ከብሩሹ በላይ የምትጫን ትንሽ ምልክት ናት። ካልተጫነች፣ የፈለገውን ያህል አንድ ቦታ ላይ ቢቆሙ ቀለሙ ከመጀመሪያው አይጨምርም። ስትጫን ግን በቆዩ ቁጥር ይጨምራል። ታዛዥ ነው፤ እጅ ሲነሣ ይቆማል። ጋሼ የአገሩን ሰው ሁሉ ያለሰለሰው በዚህ ነው፣ የሚፈሰውን ቀንሶ ቀንሶ፣ እንደ ትንፋሽ አሳንሶ። በዚህም ጠባሳዋን ሠራት። ቦታው ላይ ጥላ አለ፤ ግን ጠባሳ አይደለም።

«ይኼ እኮ እድፍ ነው» አልኩት። «እድፍ ቢሆን ኖሮ ሕፃን እያለች አጥቤ አስለቅቀው ነበር።»

አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና አስረዳኝ። ጠባሳ ቀለም አይደለም አለኝ፤ ጠባሳ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ ዳር አለው። የላይኛው ዳር ጥላ ይጥላል፤ የታችኛው ዳር ብርሃን ይይዛል። ኤርብራሽ ደግሞ፣ የየትኛውም ፕሮግራም ይሁን፣ ዳር የለውም። ዳር ስለሌለው ነው የሚያጠፋው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዳር የሌለው ነገር ይዤ ሰው ፊት ላይ ዳር ዳሩን ስበላ ኖርኩ» አለ። «አሁን መልስ ስትይኝ፣ በምን ልመልስ?»

ማዶ ባነር የምታትም ሴትዮ አለች፤ አንደበቷ ስለት ነው፣ ሆዷ ግን ቡቡ ነው። እሷ ዘንድ በብዕር የሚሳልበት ሰሌዳና የሠዓሊዎች ፕሮግራም አለ። ነገሩን ከእኔ ሰማችና ጋሼን ጠራችው። አብሬው ሄድኩ። ገና ከበሩ ሳንገባ፣ «አያችሁልኝ፣ ጋሽ አለስልስ ዛሬ ሊያሻክሩ መጡ» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ነገሩን ዋጠችው። ወንበሯን ለቅቃለት ወደ ማተሚያው ሄደች።

ይህኛውን «ሠዓሊው» አለው። እሱ ላይ ኤርብራሹ የእጅን ክብደት ያውቃል። ብዕሩን ሲያሳርፉት ገለባ ያህል ይወርዳል፤ ጫን ሲሉት ይጠቁራል፤ ጫፉንም እስከ መርፌ ድረስ ማሳነስ ይቻላል። ጋሼ ብዕሩን ሲይዝ የያዘው እንደዚያ እንደ ድሮው ብረት ነበር፤ ሌባ ጣቱ ከላይ ተኝቶ። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ድሮ አይንቀጠቀጥም ነበር። አዲስ የተከፈተ ባዶ ገጽ ላይ ሲሞክር መስመሩ ተንቀጠቀጠበትና፣ «አይሆንም፣ እጄ ሄዷል» ብሎ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል ሴትዮዋ ከማተሚያው ጋ ሆና ተናገረች።

«ጋሽዬ፣ ጠባሳ ቀጥ ብሎ ያውቃል እንዴ? ይንቀጥቀጥ እንጂ።»

ጋሼ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የልጄን ፎቶ አስገባ። ባዶ ቦታ ላይ፣ ከአንገቷ ጎን፣ አንድ ጠባሳ ለሙከራ ሠራ፤ ከላይ ሲሦዋን ጥላ፣ ከታች ቀጭን ብርሃን፣ ዳሩ በእጁ መንቀጥቀጥ የተሸራረፈ። ጠባሳዋ ነበረች። ጉንጯ ላይ አልነበረችም እንጂ እሷው ነበረች። ከሞተች ወዲህ ልጄን ያየሁት ያኔ ነው፤ ከአንገቷ ጎን፣ ባዶ ቦታ ላይ።

«መጣች» አለ ጋሼ። «በይ እንግዲህ፣ የት ጋ ነበር?»

ይህን የሚጠይቀኝ አልመሰለኝም ነበር። እሱ ራሱ ያጠፋው ሰው ነው። ግን ከአፍንጫዋ ጠጋ ያለ ይመስለዋል፤ እኔ ደግሞ ከዓይኗ ሥር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ያለ ይመስለኛል። አንዴ እሱ ያለበት ላይ አደረገው፤ አይደለም። አንዴ እኔ ያልኩበት ላይ፤ አይደለም። ሳየው አይደለም እላለሁ፤ የት ነው ሲለኝ አላውቅም እላለሁ። ሰው የልጁን ፊት አላውቅም ይላል? ሃያ ዓመት ያየሁት ፊት ነው። ስታየኝ ግን ዓይኗን እንጂ ጉንጯን አላይም ነበር፤ ማን ያያል?

ያኔ ጣቴ ትዝ አለኝ። ለጋሼ ስለ ቫዝሊኑ ነገርኩት። ዓይኔ ቢረሳ ጣቴ አይረሳም አልኩት።

ጋሼ የኮምፒውተር መስታወት ሰው ሲነካበት ደሙ ይፈላል። ደንበኛ «እዚህ ጋ» ብሎ ጣቱን ሲያሳርፍ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ልጄንም ለዚህ ነበር ሲቆጣት የኖረው። አሁን ግን ፊቷን የሰው ፊት እስኪያህል ድረስ አጎላው፤ ቤት ሳለች ፊት ለፊቴ እንደምትቀመጠው አደረጋትና ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«ንኪያት» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አውራ ጣቴን ከአፍንጫዋ ጥግ አስነሣሁና አንሸራተትኩት። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው፤ አንድም ነገር አይነካኝም፤ ግን ጣቴ ሄደ፣ ሄደና ራሱ ቆመ። ልክ እንደዚያን ጊዜ። ክብ ሊያደርግ ሲል ያዝኩት። ቫዝሊኑ ሸተተኝ፤ «ጠፋ እማ?» ያለችኝ መሰለኝ።

«እዚህ ጋ ነው» አልኩ።

ጋሼ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ የጣቴን ቦታ በብዕሩ ምልክት አደረገ። ጣቴን አነሣሁ፤ ተነሥቼም ቦታውን ለቀቅኩለት። ትንፋሹን ይዞ ሠራ። ሴትዮዋ ማተሚያዋን አቁማ ነበር። ሲጨርስ ትንሽ ራቅ ብሎ አየና፣ ሳይዞር፣ «እሷ ናት?» አለኝ።

አየሁ። አልነበረችም።

ወዲያው ገባኝ። ጣቴ የሚያውቀው ትንሿን ልጅ ነው። ጭኔ ላይ ትተኛ የነበረችውን፣ ፊቷ መዳፌ ውስጥ የሚገባውን። ከዚያ ወዲህ ፊቷ አድጓል፤ ጉንጯ ወርዷል፣ ሰፍቷል፤ ጠባሳውም ከፊቷ ጋር ወደ ታችና ወደ ጎን ሄዷል፤ እኔ ግን አብሬው አልሄድኩም። «እኔ ራሴ» ካለችበት ቀን ጀምሮ ጣቴ እዚያው ቆሟል። ጋሼ የሠራው ጠባሳ የገብስ ፍሬ ያህል ናት፣ ዳሯ የተሸራረፈ ነው፣ ብርሃኑን ይዛለች፤ ምንም አይወጣላትም። ከዓይኗ ግን በጣም ቀርባለች።

ትንሽ ወደ ታች ልለው እችል ነበር። ግን ምን ያህል? አላውቅም። ቢያወርደው ደግሞ አይደለም እላለሁ፤ ቢያዞረው አይደለም እላለሁ፤ ሰውየው በሚንቀጠቀጥ እጁ እስኪሞት ያን ጉንጭ ሲወጋ ይኖራል። ብዕሩን የያዘበትን እጅ አየሁት። ትንፋሹን ገና አልለቀቀም ነበር።

«እሷ ናት» አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀ። ብዕሩን አስቀመጠና ዓይኑን በመዳፉ ጫን አደረገው። «ይቅር በይኝ ብያታለሁ» አለኝ፤ «እየሠራሁ ሳለሁ።» ሴትዮዋ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ የማተሚያዋ ቀለም አለርጂ እንደሆነባት ነገረችን። ማንም ያመናት የለም።

ፎቶው አሁን ቤቴ ተሰቅሏል። ያን የለሰለሰውንም ጋሼ አላጠፋውም፤ ለብቻው አስቀምጦታል፤ «የሷ ፈቃድ ያ ነው» ይላል። ፎቶ ቤት ውስጥም አንድ ነገር ጀምሯል። ሰው መጥቶ አለስልስልኝ ሲለው፣ «ቤት ሌላ ፎቶ አለህ? እንዳለህ የተነሣኸው?» ብሎ ይጠይቃል። የለኝም ካሉት እንዳሉ ያነሣቸውና አትሞ በፖስታ ያስይዛቸዋል፤ ከዚያ ነው የሚያለሰልሰው። ብዙዎቹ ይስቁበታል። ጋሽ አለስልስ አረጀ፣ ጃጀ ይላሉ። አንዳንዶቹ ፖስታውን ደጃፋችን ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። እኔ ስጠርግ አገኘዋለሁ፤ አነሣና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥላቸዋለሁ። ይመጡ ይሆናል።

ጋሼ የጠባሳው ቦታ ልክ እንዳልሆነ ያወቀ ይመስለኛል። የሰው ፊት እንዴት እንደሚያድግ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያንዱን ሰው ፊት ከልጅነት እስከ ሽበት ሲያነሣ ኖሯል። አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ጠባሳው የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ እንዳለ ይሰማኝ ነበር፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እዚያ አካባቢ። ያም ስሜት ቢሆን የኔ ነበር፤ ከልጄ የቀረኝ እሱ ነበር። አሁን እሱም የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ሳስባት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ስትመለስ፣ ፀጉሯን ለቅቃ፣ ከበሩ ላይ ሆና ስትጠራኝ፣ ጠባሳዋ የሚታየኝ እዚያው ፎቶው ላይ ያለበት ቦታ ነው። የቀድሞውን ስፈልገው አጣሁት። ስለዚህ ጠዋት ስነሣ እጄን ዘርግቼ በአውራ ጣቴ ያንኑ እነካለሁ። መስታወቱ ላይ አሻራዬ ይቀራል። ጋሼ ሲመጣ ያየዋል፤ በእጅጌው ይጠርገዋል።